የእታለም እግር፤ ከደሴ እስከ አስመራ

አንድ ነገር አጥርታችሁ አስረድታችሁ፣ ሰሚው ከተናገራችሁት ውስጥ ደስ የሚለውን ብቻ መርጦ ይዞ ሲሄድ አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ የባዮሎጂ መምህር ነኝና በየሳምንቱ ያጋጥመኛል። ክፍል ውስጥ ሲሆን ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ ፈተና ላይ ይታረማል። ባለፈው የካቲት አስመራ ላይ ያጋጠመኝ ግን በፈተና የሚታረም አልነበረም። ስለዚህ አስመራን አይታችሁ ለማታውቁ፣ ምናልባትም ለማታዩ፣ ጉዞዬን ከመነሻው ጀምሬ በቅደም ተከተል እጽፈዋለሁ።

በመጀመሪያ ምክንያቱን ልናገር። የእናቴ ታናሽ እህት ዘነበች አስመራ ትኖራለች። እኛ ቤት እታለም ነው የምንላት። ደሴ ለሥራ መጥተው ለነበሩ ገብረአብ ለሚባሉ የአስመራ መካኒክ ተድራ ገና በወጣትነቷ ሄደች። ኤርትራ ነፃ ስትወጣ በዚያ የነበረው አማርኛ ተናጋሪ አብዛኛው ጓዙን ጠቅልሎ ሲመለስ እሷ ከባሏ ጋር ቀረች። ከዚያ ወዲህ ወሬዋ የሚደርሰን በነጋዴ አፍ ነበር። በጥር ማብቂያ አንድ የጨርቅ ነጋዴ እኛ ቤት ድረስ መጥቶ የአቶ ገብረአብን መልእክት አደረሰ፤ "ናፍቃችኋታል። ከሥጋዋ አንድ ሰው ላኩላት።" የእናቴ ጉልበት መንገድ አይችልም። ትምህርት ቤታችን ደግሞ ለመንፈቅ ዓመቱ እረፍት ሊዘጋ ነበር። ስለዚህ እኔ ተነሣሁ።

ሰኞ

አውቶቡሱ ከደሴ ሲነሣ ጦሳ ተራራ እስከ ወገቡ ጭጋግ ለብሶ ነበር። እናቴ ለእህቷ አንድ ጣሳ ማርና አንድ ነጠላ ላከች። እኔ በበኩሌ ለአሥረኛ ክፍል ተማሪዎቼ በካርቶን ላይ የሳልኩትን የነጭ የደም ሴሎች ሥዕል ጠቅልዬ ያዝኩ። የአቶ ገብረአብ ልጅ ሰናይት ነርስ ናት ሲባል ሰምቼ ስለነበር ላሳያት፣ ስህተት ካለውም እንድታርመኝ ፈለግሁ።

አጠገቤ የተቀመጡት ልጃቸውን ለመጠየቅ ዓዲግራት የሚሄዱ አዛውንት ነበሩ። የቋጠሩትን ቆሎ አውጥተው ጭኔ ላይ አኖሩልኝ።

"ፍታና ብላ። እኔ ቋጠሮ መፍታት ከተውኩ ቆየሁ" አሉ።

ጣቶቻቸው እንደ ዝንጅብል ሥር ተጣመዋል፤ አንጓዎቹ አብጠው ያብረቀርቃሉ። ቋጠሮውን ፈትቼ ለእሳቸውም ዘገንኩላቸው። ሙያዬ ነውና ዝም ማለት አልቻልኩም።

"አባባ፣ ይህ የብርድ ቁርጥማት ላይሆን ይችላል። ደማችን ውስጥ ነጭ የደም ሴል የሚባሉ ወታደሮች አሉ። ሥራቸው የገባውን ጀርም መግደል ነው። አንዳንድ ጊዜ ግን ጀርም ሳይኖር የራስን መገጣጠሚያ ይወጋሉ። ያን ጊዜ ቦታው ያብጣል፣ ይቀላል፣ ይሞቃል፣ ያማል።"

"የገዛ ወታደሮቼ?"

"አዎን፣ የራስዎ።"

"ምን በድያቸው?"

"ምንም። ተሳስተው ነው።"

ትንሽ አሰቡና፣ "ደመወዝ ዘግይቶባቸው ይሆናል" አሉ። ከፊታችን የተቀመጡት ሁሉ ሳቁ።

ቆቦ ላይ ጎማ ፈነዳ። ረዳቱ ክሪኩን ደሴ ረስቶት ኖሮ ከሌላ መኪና እስኪለምን ድረስ በዚያ ሜዳ ሙቀት ቀለጥን። ደሴ ጠዋት ጋቢ ለብሼ ተነሥቼ እኩለ ቀን ላይ ሸሚዜን ብጨምቀው ውሃ ይወጣው ነበር። መቀሌ መድረስ ቀርቶ ማይጨው አደርን። የማረፊያዋ ባለቤት ብርድ እንደማልችል ስታይ የራሷን ጋቢ ገፍፋ ደረበችልኝ። "ጠዋት አልጋው ላይ ተወው" አለችኝ እንጂ ስሜን እንኳ አልጠየቀችም።

ማክሰኞ

ጠዋት ቦርሳዬን ስከፍት ማሩ ፈስሷል። ሩቡ ያህል ወጥቶ የሥዕሌን አንድ ጫፍ አጣብቆታል። ነጠላውን በእግዜር ቸርነት በላስቲክ ጠቅልዬው ስለነበር ተረፈ።

መቀሌን አልፈን ወደ ማታ ዓዲግራት ገባን። አዛውንቱ ልጃቸው ቤት ይዘውኝ ሄዱ፤ እምቢ ማለት አልተቻለም። ራት ጥሕሎ ነበር፤ የገብስ ዱቄት ለውሰው በትናንሹ እያድቦለቦሉ፣ በእንጨት እየወጉ ወጥ ውስጥ ነክረው ይበሉታል። እኛ ወሎዎች ገብስን በበሶና በቆሎ ነው የምናውቀው። እኔ የወጋሁት ሁሉ ወጡ ውስጥ እየወደቀ አስቸገረኝ። አዛውንቱ ደግሞ እንጨቱን መያዝ ስለማይችሉ ልጃቸው ታጎርሳቸው ነበር። ሁለታችንንም አይታ፣ "ዛሬ ሁለት ሕፃን መጣብኝ" አለች።

ረቡዕ

ዛላምበሳ ላይ ሁላችንም ወርደን ተፈተሽን። ፈታሹ ካርቶኔን ዘርግቶ ብዙ አየው። ክብ ክብ ነገሮች፣ ቀስቶች፣ ቁጥሮች።

"ካርታ ነው?" አለኝ።

"አይደለም። ነጭ የደም ሴል ነው።"

"ይሄስ?"

"ትልቁ በሊታ ነው። ጀርም ይውጣል። ይህ ትንሹ ደግሞ ጠላትን መልኩን እያየ ይለያል። ይህኛው…" ሦስተኛው ላይ ስደርስ ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ።

"የቐንየለይ፣ መምህር" አለ ፈታሹ፤ አመሰግናለሁ ማለቱ ነው። "ማኪናው ይሂድ።"

ሰንዓፈን፣ ዓዲቐይሕን፣ ደቀምሓረን አልፈን ከቀትር በኋላ አስመራ ገባን። ደሴም ፒያሳ አላት፤ ጣሊያን የተዋቸው ሕንፃዎችም አሏት። ነገር ግን የእኛዋ ገደል ላይ የተንጠለጠለች ናት፤ ከቤት ወጥቶ ዳገት የማይወጣ ወይም ቁልቁለት የማይወርድ ሰው የለም። አስመራ ሜዳ ላይ ተዘርግታለች። ሽማግሌው ሳይቀር ኮቱን ለብሶ በብስክሌት ይሄዳል። መንገዱ ተጠርጓል፤ ጫማዬን አይቼ አፈርኩ።

የእታለም ቤት ዓባ ሻውል በሚባለው አሮጌ ሰፈር ውስጥ ነው። ትናንሽ የድንጋይ ቤቶች ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀዋል፤ በመካከላቸው ያለው መንገድ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም። ሦስት ጊዜ ዞሬ እዚያው ተመለስኩ። ዳቦ የታቀፉ አንዲት አሮጊት አዩኝና የእታለምን ስም ስጠራላቸው እጄን ይዘው በሩ ድረስ አደረሱኝ። ኋላ እንዳወቅሁት የቅርብ ጎረቤቷ አደይ ለተብርሃን ናቸው። "ባዶ እጅህን አትግባ" ብለው ከዳቧቸው አንዱን ሰጡኝ።

እታለም በሩን ከፍታ ስታየኝ አልጮኸችም። በሁለት እጇ ፊቴን ይዛ ቆየች። ከስታለች። ረጅም ቀሚሷ መሬት ይነካል። ከዚያ ውሃ አሙቃ፣ ሳፋ ይዛ መጥታ ከእግሬ ሥር ተንበረከከች።

"ተይ እታለም፣ ራሴ እታጠባለሁ።"

"ዝም በል። መንገደኛ ነህ። እዚህ ቤት የገባን ሰው ሁሉ እግሩን እኔ ነኝ የማጥበው። ያቺ ሰናይት እንኳ ከሜዳ ስትመለስ፣ ያ የላስቲክ ሰንደሏ ከእግሯ ጋር ተጣብቆ፣ እኔ ነኝ ያጠብኳት።"

ሰናይትን እናቷ ሞታ እታለም ናት ያሳደገቻት። ገና ተማሪ ሳለች ወደ ትግል ሜዳ ወጣች፤ ነርስነቱንም የተማረችው እዚያ ነው።

እታለም ጎንበስ ስትል ከቀሚሷ ውስጥ አንድ ሽታ መጣ። በረንዳ ላይ የተረሳ ሥጋ ዓይነት ሽታ ነው። ስትነሣም ግድግዳ ይዛ ነው የተነሣችው።

"እግርሽን ምን ሆንሽ?"

"ያችው ናት" አለች። ሙሽራ ሳለች ፈርኔሎ የሚሉት የከሰል ምድጃ ተገልብጦባት ቅልጥሟ ተቃጥሎ ነበር። ጠባሳው ይጠግጋል፣ ተመልሶ ይከፈታል፣ እንደገና ይጠግጋል። እንዲህ ሲል ዕድሜዋን ከእሷ ጋር ኖረ። ማር ቀብታዋለች፣ ቅቤ ቀብታዋለች፣ ጠበል ወርዳለች። "በጦርነቱ ሰሞን መድኃኒት ጠፋ። ኋላ ደግሞ ከነፃነቱ ጋር መድኃኒት ሲመጣ፣ ወረፋ ላይ ቆሜ አማርኛ አፌን መክፈት ከበደኝ። ቆየሁ። አሁን ሰናይት ሐኪም ቤት ወስዳኝ ከላዩ ቆርጠው ወሰዱ። ምን እንዳገኙ የሚነግረኝ የለም። አንተ የተማርክ ነህ። ይህ ቁስል ለምን አይድንም?"

የተጠየቅሁት የማውቀውን ነበር። ሥዕሌን ግድግዳው ላይ ሰቀልኩት፤ የማሩ ጫፍ ራሱ አጣበቀልኝ። መጽሐፍ ብግነት የሚለው እኛ ቁስሉ ተቆጣ የምንለውን መሆኑን ነገርኳት። መቅላቱ ደም ስለሚበዛ ነው፤ ማበጡ ነጭ የደም ሴሎቹ ከደም ሥር ወጥተው ስለሚሰበሰቡ ነው፤ መግሉ በሥራ ላይ የሞቱት ሬሳ ነው። እታለም ሳፋውን ታቅፋ እንደ ጎበዝ ተማሪ ሰማችኝ።

"እንግዲያ እየሠሩ ነው" አለች።

"እየሠሩ ነው።"

ፊቷ በራ። ራት በላን፤ ስለ ደሴ፣ ስለ ሰኞ ገበያ፣ ስለ ሸዋበር ሰፈር ጠየቀችኝ። አንድ ነገር ብቻ ገረመኝ። ስለ እናቴ አልጠየቀችም። ማሩንና ነጠላውን ስሰጣት ነጠላውን አሸተተችው፣ አጠፈችው፣ ሳጥን ውስጥ ከተተችው።

ሐሙስ

ጠዋት ሰናይት ከተረኝነት ስትመለስ ገና ሰላም ሳትለኝ ግድግዳውን አየች። ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ ስትራመድ ጫማዋ የሚሰማ ሴት ናት።

"ለአደይ ምን አልካት?" አለችኝ። አደይ ማለት እናቴ ማለት ነው። "ዛሬ ሐኪም ቤት ቀጠሮ አላት። አሁን በሩ ላይ አግኝታኝ 'አልሄድም፣ ወታደሮቼ እየሠሩ ነው፣ የእህቴ ልጅ ነግሮኛል' ትላለች።"

ይዛኝ ወጣች። ኮምቢሽታቶ በሚባለው ዋና ጎዳና፣ በዘንባባዎቹ ሥር፣ አንድ ሻሂ ቤት ገብተን ተቀመጥን። በዚያ መንገድ ማታ ማታ ሰው ለብሶ ወጥቶ ዝም ብሎ ይመላለሳል፤ እኛ አገር ያለ ጉዳይ የሚመላለስ ሰው ይጠረጠራል። ይህን ልነግራት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

"ነቀርሳ ነው" አለች።

ሻሂዬ ውስጥ ያለውን ስኳር ማማሰሌን አላቆምኩም።

"ለምን አልነገራችኋትም?"

"አቦይ ከለከለ" አለች፤ አባቷን ማለቷ ነው። "'ወገኗ ሳይኖር እንዲህ ያለ ነገር አይነገራትም፤ ማን ላይ ታለቅሳለች?' አለ። ለነጋዴው ነገርነው፤ ነጋዴው መንገድ ላይ ቆየ። ሐኪሙ በየሳምንቱ ይጠይቀኛል። እኔ በየሳምንቱ 'ወገኗ እየመጣ ነው' እላለሁ።"

ወገኗ እኔ ነበርኩ። የናፍቆት ጥሪ መስሎኝ የመጣሁት ሰው።

"እኔ አላውቅም ነበር" አልኳት።

"ዐውቃለሁ። ግን መምህር፣ ወታደር ወታደር አትበልብኝ። ወታደር ከሆኑም አንድ ነገር ልንገርህ። ጦር አንድ መንደር ውስጥ ብዙ ዓመት ሲሰነብት መንደሩን ነው የሚበላው። ይህን ከማንም አልሰማሁም፤ አይቻለሁ።" ከዚያ ድምፅዋ ወረደ። "ሜዳ ላይ ስንት እግር አጥቤያለሁ። ስንት ትል ለቅሜያለሁ። እሷ እግሬን ስታጥበኝ፣ ከቀሚሷ ሥር ያለውን አላየሁም።"

ከሻሂ ቤቱ ሐኪም ቤት ሄድን። ሐኪሙ ፀጉራቸው የሸበተ፣ አዲስ አበባ ተምረው አማርኛ አቀላጥፈው የሚናገሩ ሰው ናቸው። የባዮሎጂ መምህር መሆኔን ሲሰሙ ማይክሮስኮፑ ጋር አስቀመጡኝ። ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ ያስተማርኩት ነገር ነው፤ የዘመድ ሥጋ ግን መስተዋት ላይ አይቼ አላውቅም ነበር። የቆዳው ሴሎች እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተደራርበው፣ ክምር ክምር ሆነው፣ ወደማይገባቸው ጥልቀት ወርደዋል። በየክምሩ ዙሪያ ደግሞ እንደ ጥቁር አዝሙድ የተዘሩ ትናንሽ ክቦች አሉ።

"እነዚያን ታውቃቸዋለህ" አሉ ሐኪሙ።

"ነጭ የደም ሴሎች ናቸው።"

"አየህ፣ መጥተዋል። አልቀሩም።"

"ታዲያ ለምን አይገድሉትም?"

"ባወቅነው ኖሮ" አሉና ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ። ቀስ ብለው አስረዱኝ፤ እኔ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳላቋርጥ ሰማሁ። ቁስሉ በተከፈተ ቁጥር እነዚህ ሴሎች ይመጣሉ። ጀርም ለመግደል የሚረጩት መርዝ ጤነኛውንም ያቆስላል። ቆዳው ያንን ለመጠገን ይባዛል። ያን ሁሉ ዓመት ሲባዛ ከሴሎቹ አንዱ ይበላሽና ማቆም ይረሳል። የገዛ ሥጋ ስለሆነ ጠላት መሆኑን ላይለዩት ይችላሉ። "ትልልቆቹ በሊታዎች ደግሞ ሁለት ሙያ አላቸው" አሉ። "አንዱ መብላት ነው፤ ሁለተኛው ቁስል መጠገን። ይህንን ቁስል ነው ብለው ደም ሥር የሚጠሩለት፣ እንዲያድግ የሚቀልቡት እነሱ ናቸው የሚሉ ሊቃውንት አሉ። ነገሩ ገና እየተጠና ነው።"

"እታለምስ?"

"እግሯ ከጉልበት በላይ ተቆርጦ መነሣት አለበት። ብሽሽቷ ላይ ያለውን ንፍፊት አልወደድኩትም። ቢሆንም እንሞክር። እሷ ግን እሺ ማለት አለባት።"

ስንወጣ ሰናይት፣ "ነገ ማለዳ ይነገራታል። አንተ አጠገቧ ትቀመጣለህ" አለችኝ።

ዓርብ

መርዶ የሚነገረው ማለዳ ነው፤ በእነሱም በእኛም። ሐዘንተኛው ሌሊቱን እንዲያንቀላፋ፣ ቀኑን ሙሉ ሰው እንዲኖረው ነው ይላሉ። የአቶ ገብረአብ ቤት ለሕመምም ይህንኑ ሥርዓት ያዘ። ገና ሳይነጋ አቶ ገብረአብ ኮታቸውን ለበሱ። አደይ ለተብርሃን ነጠላቸውን አጣፍተው ገቡ። ሰናይት በሩ አጠገብ ቆመች። እኔ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

እታለም ዓይኗን ገልጣ አንድ በአንድ አየችን። መጨረሻ ላይ እኔን አየችኝ።

"ዐውቄዋለሁ" አለች። "በሩን ስከፍትልህ ነው ያወቅሁት። አፍ አውጥተህ እንዳትነግረኝ ብዬ አልጠየቅሁህም። ነጠላዋን ስትሰጠኝ፣ የለበሰችው ነው ብዬ ሽታዋን ፈለግሁ። እህቴን መቼ ቀበራችኋት?" ደረቷን መታች። "እህትዬ! ሳላይሽ!"

ሁላችንም ደነገጥን። እንዲህ ይሆናል ብሎ ያሰበ ማንም አልነበረም። ከረቡዕ ጀምሮ፣ እግሬን ስታጥበኝ፣ ስታበላኝ፣ ስለ ሸዋበር ስትጠይቀኝ፣ መርዶ ይዤ እንደመጣሁ ታስብ ነበር። ማለዳውን ትጠብቅ ነበር።

"እታለም፣ እናቴ ደህና ናት" አልኳት እጇን ይዤ። "ጉልበቷን ብቻ ነው የሚያማት። ነጠላውን ለአንቺ ብላ ገዝታው ነው።"

"ማል።"

"እናቴ ትሙት።"

አደይ ለተብርሃን ሳይወዱ ሳቅ አመለጣቸው፤ እታለምም እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች። "ይኼ ልጅ ምን ዓይነት መሐላ ነው የሚምለው" አለች። ከዚያ ሳቋ ቀስ ብሎ ቆመ። "ታዲያ ማን ነው? ሰው በማለዳ የተሰበሰበው ለማን ነው?"

አቶ ገብረአብ ወደ ሰናይት አዩ። ሰናይት፣ "አደይ፣ ያ የቆረጡት ቁስል…" ብላ ቆመች።

"እኔ ነኝ?" አለች እታለም።

አደይ ለተብርሃን ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ሳቡ።

"እኔ ነኝ እንዴ? ተመስገን" አለች። "እኔ ከሆንኩ ይሁን። እህቴ መስላኝ ነበር።"

አቶ ገብረአብ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እታለም ግን ወደ ሥዕሌ ነው ያየችው።

"ታዲያ ወታደሮቼስ? እየሠሩ ነው አላልከኝም?"

ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነው ያደርኩት። ሥዕሉን ከግድግዳው አወረድኩትና አጠገቧ ተቀምጬ፣ ያለ ቀስትና ያለ ቁጥር ነገርኳት። የነገርኩሽ ውሸት አልነበረም፤ ግማሽ ነበር አልኳት። እየሠሩ ነው። ግን ብዙ ከመሥራታቸው የተነሣ ጤነኛው ተጎድቶ፣ ከመካከሉ ክፉ ነገር በቅሏል። እነሱ ግን ክፋቱን አላዩትም። ቁስል መስሏቸው ያስታምሙታል፤ ይቀልቡታል። ስለዚህ ሐኪሙ እግርሽ ከጉልበት በላይ ተቆርጦ ይነሣ ይላሉ፤ ያለ ፈቃድሽ ግን አይሆንም አልኳት።

የሥዕሉን የማር ጫፍ በጣቷ ዳሰሰች።

"እኔስ?" አለች ኋላ። "እኔስ ማር ስቀባው፣ ቅቤ ስቀባው፣ ስሸፍነው የኖርኩት ቁስል መስሎኝ አይደል? አትፍረድባቸው። ደጎች ናቸው፤ ዓይን የላቸውም እንጂ።" ቀጥላም ባሏን ጠራች። "ገብረአብ፣ ዙር። እግሬን የምታነሡት ከሆነ የት ነው የምትቀብሩት?"

"ቤተ ክርስቲያን ነው" አሉ አቶ ገብረአብ። "ቦታ አለን። ለሁለታችንም የተያዘ።"

"እንግዲያ ቀድሞኝ ይሂድ" አለች። "ግን እኔ ቤት ሰው ሲመጣ ማነው እግሩን የሚያጥበው?"

ቅዳሜ እና እሑድ

በእነዚህ ሁለት ቀናት ዓባ ሻውል በሙሉ ያችን ቤት ሞላት። አንዱ ባኒ የሚሉትን ዳቦ ያመጣል፣ አንዱ ስኳር፣ አንዱ ወተት። ጥራቮሎ እስከሚባለው ሰፈር ድረስ ያሉ የአቶ ገብረአብ ዘመዶች በእግር መጡ። ደሴ ቢሆን ሕመምተኛ ቤት ድምፅ ከፍ ብሎ ይጸለያል፤ እነዚህ ሰዎች ግን ገብተው፣ "ኣጆኺ" ብለው ቁጭ ይላሉ። አይዞሽ ማለት ነው። እሑድ ማታ እታለም፣ "አውጡኝና ሰው ልይ" ስላለች አቶ ገብረአብ ከጓደኛቸው መኪና ለምነው በኮምቢሽታቶ በዝግታ ነዱልን። በመስኮቱ የሚመላለሰውን ሰው እግር እግሩን ስታይ ነበር።

ሰኞ እና ማክሰኞ

እግሯ ተነሣ። ሐኪሙ ሲወጡ ለእኔና ለሰናይት ብቻ፣ ብሽሽቷ ውስጥ ያገኙት እንደፈሩት መሆኑን ነገሩን። ከዚያ በላይም ሳይሄድ አልቀረም አሉ። ሽታውና ሥቃዩ ግን ይቀርላታል።

እግሯን እናቴ በላከችው ነጠላ ጠቅልሉልኝ ብላ ስለነበር እንዲያ አደረግን። አቶ ገብረአብ ታቅፈውት እኔ ከኋላቸው ሄድኩ። ቄሱ ጥቂት ጸለዩ። ጉድጓዱ ትንሽ ነበር። አቶ ገብረአብ አፈሩን በእጃቸው ሲመልሱ፣ "ወደይ" አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። "በዚህ እግር ነው ደሴን ትታ ተከትላኝ የመጣችው።"

ረቡዕ

ትምህርት ሊጀመር ስለነበር የመመለሻዬ ቀን ደረሰ። ልሰናበታት ሐኪም ቤት ስሄድ እታለም አልጋው ላይ ደገፍ ብላ ነበር። ጫማዬን አየችው፤ ከመቃብሩ የያዘው አፈር ገና አልለቀቀውም።

"እንዲህ ሆነህ መንገድ ልትገባ? ውሃ አምጡልኝ" አለች። ከዚያ የእግሯ ነገር ትዝ አላትና ለመነሣት የያዘችውን የአልጋ ጠርዝ ለቀቀች።

ወጥቼ ከሰናይት ሳፋና ለብ ያለ ውሃ ተቀበልኩ። አልጋው ሥር ተንበረከክሁ።

"ምን ልትሆን ነው?" አለች።

"ዝም በይ። መንገደኛ ነሽ።"

የቀረላትን እግር ውሃው ውስጥ አስገባሁት። ተረከዙ ተሰነጣጥቋል። በጣቶቿ መካከል በዚያ ሁሉ ዓመት ማንም ያልነካው ቦታ ነበር፤ ሳሙናውን ሳስገባ እንደ ሕፃን ተኮረኮረችና እግሯን ሳበችው። ሰናይት ፎጣ ይዛ ቆማ ነበር፤ ጥቂት ቆይታ እሷም ተንበረከከች። ሁለት ሰው ለአንድ እግር በዛ። እታለም እጇን አንዱን በእኔ ራስ፣ አንዱን በሰናይት አጭር ፀጉር ላይ አኖረች።

"ለእህቴ ምን ትላታለህ?" አለችኝ።

"ምን ልበላት?"

"ታጠበች በላት።"

የመመለሻውን መንገድ አልጽፈውም፤ ያው መንገድ ነው። ሥዕሉን እዚያው ትቼዋለሁ፤ ዘንድሮ ለተማሪዎቼ አዲስ ሥዬ፣ ሴሎቹን ወታደር ማለቱን ትቼ ምን እንደሚሠሩና ምን እንደሚያሳስታቸው ብቻ ነግሬያቸዋለሁ። በግንቦት አንድ ቀን ማለዳ፣ ጭጋጉ ገና ሳይገፈፍ፣ ጎረቤቶቻችን ነጠላቸውን አጣፍተው እኛ በር ላይ ቆሙ። ከኋላቸው የጨርቁ ነጋዴ አለ። እናቴ ዓይኗን ገልጣ አንድ በአንድ አየቻቸው። እኔ ምን እንደመጣ አውቄ፣ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

አስመራ ባትሄዱም ይህን አንድ ነገር አድርጉልኝ። በየቤታችሁ የሰውን ሁሉ እግር እያጠበች የራሷን የማታሳይ አንዲት ሴት አለች፤ እናት ወይም አክስት፣ ወይም አብራችሁ የምትኖር ዘመድ። ዛሬ ማታ ውሃ አሙቁ። እንቢ ብትል ዝም በይ በሏት። ስታጥቧት እስከ ጉልበቷ ድረስ ዓይናችሁን ገልጣችሁ እዩ፤ የሚከፈትና የሚጠግግ፣ እንደገና የሚከፈት ቁስል ካለ ማብራሪያውን ለሐኪሙ ተዉትና ይዛችኋት ሂዱ። ቁስል ባይኖርም አጥቡ። ተረከዟን ስትነኩ ምን እንደምትል ስሙ።